ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ
የሥጋን ናሙና በሁለተኛ ሊቅ ስለ ማስመርመር

«ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የሚለው ያባቶቻችን ምሳሌ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ለሸክምና ለእርሻ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ በላቦራቶሪ ውስጥ በማይክሮስኮፕ ፊት ተቀምጦ የበሽተኛን ሥጋ ለሚመረምር ሊቅም እጅግ የሚስማማ ቃል ነው። ከሰውነት ተቆርጦ ለምርመራ የሚላከው ሥጋ አንዳንድ ጊዜ ከምስር ፍሬ አይበልጥም፤ በእርሱ ላይ የሚሰጠው ፍርድ ግን በሽተኛው የትኛውን መድኃኒት እንደሚወስድ፥ ድኖ ወደ ቤቱ ለመመለሱም ተስፋ ያለው መሆኑንና አለመሆኑን ይወስናል። ስለዚህ የሥጋ ናሙና እንዴት እንደሚመረመር፥ በምን ምክንያት ሊያሳስት እንደሚችል፥ ሁለተኛ ዐዋቂ ቢያየው ምን ጥቅም እንደሚገኝ በዚህ ትምህርት ባጭሩ እንመለከታለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ናሙና እንዴት ይመረመራል?

ሐኪም የበሽተኛውን ታሪክ ጠይቆ፥ በእጁ ዳስሶ፥ ደሙንም አስመርምሮ የበሽታውን ምክንያት ለማወቅ ያልቻለ እንደ ሆነ፥ ከታመመው ስፍራ ጥቂት ሥጋ እንዲወሰድ ያደርጋል። ይህ ሥራ ባዮፕሲ ይባላል። ናሙናው ከቆዳ፣ ከንፍፊት፣ ከጉበት፣ ከሳንባ ወይም ከአጥንት መቅኔ ሊወሰድ ይችላል።

የተወሰደው ሥጋ እንዳይበሰብስ 10 በመቶ በሆነ ፎርማሊን ውስጥ ይነከራል። ከዚያ በኋላ በውስጡ ያለው ውኃ በአልኮል እንዲወጣ ይደረግና በቀለጠ ፓራፊን ተሞልቶ እንደ ሻማ ይጠነክራል። እንዲህ ሆኖ የተዘጋጀው ጓል ብሎክ ይባላል። ማይክሮቶም የሚባለው ስለታም መሣሪያ ይህን ብሎክ ከ3 እስከ 5 ማይክሮሜትር በሆነ ውፍረት ይሸረክተዋል። ማይክሮሜትር ማለት የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። ስስ ሽርካቹ በመስተዋት ላይ ተለጥፎ ሄማቶክሲሊንና ኢዮሲን በሚባሉ ሁለት ቀለሞች ሲቀለም፥ የሕዋሳቱ አስኳል ወደ ሰማያዊ፥ የቀረው አካላቸው ወደ ሮዝ ያደላል። ይህን አይቶ ስለ በሽታው ፍርድ የሚሰጠው ሐኪም ፓቶሎጂስት ይባላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ያስፈልጋል። በማይክሮስኮፕ ውስጥ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚታየው ሰውነት ከጀርሙ ጋር ሲታገል የተወው ምልክት ነው፤ ጀርሙ ራሱ ተደብቆ ሊቀር ይችላል። ለምሳሌ ያህል ሰውነታችን በቀላሉ ሊገድለው ያልቻለው ጠላት ሲገባበት፥ ዋጭ ሕዋሳት ተሰብስበው ይከቡታል። ይህ ክምችት ግራኑሎማ ይባላል። ግራኑሎማ በቲቢ በሽታ ይታያል፤ ነገር ግን በሥጋ ደዌ፣ በፈንገስ፣ በሌይሽማንያና በቢልሃርዝያ እንቁላል ምክንያትም ይታያል። ሳርኮይዶሲስ የሚባለው በሽታ ደግሞ ምንም ጀርም ሳይገኝበት ግራኑሎማ ያመጣል። እንግዲህ ግራኑሎማን አይቶ ወዲያው «ቲቢ ነው» ማለት፥ ጢስ አይቶ የማን ቤት እንደ ተቃጠለ ሳይጠይቁ ስም እንደ መጥራት ነው።

በፓናማ የታየው በሽታ

ስለዚህ ጉዳይ ከሁሉ የሚበልጥ ትምህርት የሚሰጠን በፓናማ አገር የሆነው ታሪክ ነው። አሜሪካኖች የፓናማን ቦይ ለመቆፈር በ1904 ሥራ በጀመሩ ጊዜ ከካሪብያን ደሴቶች ብዙ ሠራተኞች ወደዚያ ሄደው ነበር። በአንኮን ሆስፒታል የሬሳና የላቦራቶሪ ምርመራ ይሠራ የነበረው ሐኪም ሳሙኤል ዳርሊንግ ይባላል። በ1905 መጨረሻ ላይ ከማርቲኒክ ደሴት የመጣ አንድ አናጢ በዚያ ሆስፒታል ሞተ።

ዳርሊንግ ሬሳውን ከፍቶ ባየ ጊዜ ሳንባው በጥቃቅን እባጮች ተዘርቶበት አገኘው። ይህ በዐይን ሲያዩት በሰውነት ሁሉ የተሠራጨ ቲቢ ይመስላል። ጉበቱና ጣፊያውም አብጠው ነበር። ሆኖም በማይክሮስኮፕ ቢፈልግ የቲቢን ጀርም አላገኘም። በዚያ ፈንታ በሕዋሳቱ ውስጥ የታጨቁ ጥቃቅን ክብ አካላት አየ፤ እያንዳንዱም ዙሪያውን በነጭ ቀለበት የተከበበ ይመስል ነበር።

ከዚህ 2 ዓመት አስቀድሞ፥ በ1903፥ ዊልያም ሌይሽማንና ቻርልስ ዶኖቫን የሚባሉ ሁለት ሐኪሞች ካላ-አዛር ለሚባለው በሽታ ምክንያት የሆነውን ጥገኛ ነፍሳት ለዓለም አስታውቀው ነበር። እርሱም በጣፊያና በጉበት ሕዋሳት ውስጥ የሚኖር ጥቃቅን ክብ ነገር ነው። ስለዚህ ዳርሊንግ ያየው ነገር የሌይሽማንያ ዘመድ የሆነ ባለ አንድ ሕዋስ እንስሳ፥ ማለት ፕሮቶዞኣ መስሎ ታየው። በ1906 ባሳተመው ጽሑፍም ሂስቶፕላዝማ ካፕሱላተም ብሎ ስም አወጣለት። «ካፕሱላተም» ማለት ባለ ሽፋን ማለት ነው፤ ይህን ያለው ስለ ነጩ ቀለበት ነው። ዳግመኛም በሌይሽማንያ አካል ውስጥ ከአስኳሉ ሌላ የምትታየው ትንሽ በትር መሳይ ነገር በእርሱ ናሙና ውስጥ እንደሌለች በጽሑፉ ላይ በግልጽ አመለከተ። ከሐሳቡ ጋር የማይስማማውን ነገር ሳይሸሽግ መጻፉ በኋላ ትልቅ ጥቅም ሰጥቷል።

በ1912 ሄንሪክ ዳ ሮሻ ሊማ የተባለ ብራዚላዊ ሊቅ በጀርመን አገር በሐምቡርግ ከተማ፥ በሞቃት አገሮች በሽታ ምርምር ቤት ሆኖ ከዳርሊንግ በሽተኞች የተወሰደውን ሥጋ እንደ ገና መረመረ። ከሌይሽማንያም ጋር አስተያየው። ይህ ሊቅ በፈረሶች ላይ በሊምፍ ሥር እየተከታተለ የሚያቆስለውን በሽታ ያመጣውን እርሾ መሳይ ፈንገስ ያውቅ ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ባየ ጊዜ የፓናማው ጀርም ወደ ፈረሱ ፈንገስ እንጂ ወደ ሌይሽማንያ የሚቀርብ ሆኖ አላገኘውም። ስለዚህ «ይህ ፈንገስ ነው» የሚለውን ሐሳብ አቀረበ።

የማያጠራጥር ማስረጃ የተገኘው ግን ከ22 ዓመት በኋላ ነው። በ1934 ዊልያም ደሞንብረን የተባለ ሊቅ በአሜሪካ በቴነሲ ግዛት ከታመመ ሕፃን የተወሰደውን ጀርም በላቦራቶሪ አሳደገው። ጀርሙ በክፍል ሙቀት ሲቀመጥ እንደ ሻጋታ ጠጉራም ሆኖ በቀለ፤ በሰውነት ሙቀት ሲቀመጥ ደግሞ እንደ እርሾ ሆነ። እንግዲህ ፈንገስ መሆኑ ተረጋገጠ። ዳርሊንግ ሽፋን የመሰለው ነጭ ቀለበትም ናሙናው ሲዘጋጅ የጀርሙ አካል ተኮማትሮ የተወው ባዶ ቦታ እንደ ሆነ ታወቀ። ስሙ ግን በሳይንስ የስም አወጣጥ ሕግ መሠረት እስከ ዛሬ አልተለወጠም፤ ሽፋን የሌለው ጀርም ባለ ሽፋን እየተባለ ይጠራል።

ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን?

ዳርሊንግን ሰነፍ ነበረ የሚል ሰው ቢኖር ፍርዱ የተሳሳተ ነው። ዳርሊንግ ትጉህ ሊቅ ነበር፤ በ1925 በሊባኖስ በመኪና አደጋ የሞተውም የወባን ጉዳይ ለመመርመር በሄደበት ጊዜ ነው። ሮሻ ሊማም የተሻለ ያየው ዐይኑ የተለየ ስለ ነበረ አይደለም። ሰው የሚያየውን ነገር የሚለየው ቀድሞ ከሚያውቀው ጋር እያስተያየ ነው። ዳርሊንግ በዚያን ሰዓት በሐሳቡ የነበረው ሌይሽማንያ ነው፤ ሮሻ ሊማ ደግሞ የፈረሱን ፈንገስ አስተያይቶ ነበር። ሁለተኛው ዐይን የሚጠቅመው ሌላ ዕውቀት ይዞ ስለሚመጣ ነው።

ከዚህም ጋር የመጀመሪያው መርማሪ ናሙናውን ጠብቆ ባያቆይ፥ ያየውንም አሟልቶ ባይጽፍ ኖሮ ሁለተኛው ሊቅ ምንም ሊያደርግ ባልቻለም ነበር። ሁለተኛ አስተያየት በመጀመሪያው መርማሪ ቅንነት ላይ የቆመ ነው። ዳግመኛም የሁለተኛው ሊቅ ቃል ብቻውን ጉዳዩን እንዳልፈጸመው እናያለን፤ እውነቱ የተቆረጠው ጀርሙ በላቦራቶሪ ከበቀለ በኋላ ነው።

ሁለት ተመሳሳይ ጀርሞች፥ ሁለት የተለያዩ መድኃኒቶች

አንዳንድ ሰው «ፈንገስም ሆነ ፕሮቶዞኣ ለበሽተኛው ምን ይለውጥለታል?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልሱ ብዙ ነገር ይለውጥለታል ነው።

ሂስቶፕላዝማና ሌይሽማንያ ሁለቱም በሰው ሥጋ ውስጥ ከ2 እስከ 4 ማይክሮሜትር የሚሆኑ ክብ ወይም ሞላላ አካላት ናቸው። ሁለቱም የሚኖሩት በዋጭ ሕዋሳት ውስጥ ነው። ሁለቱም ትኩሳት፣ ክሳት፣ የጣፊያና የጉበት እብጠት ያመጣሉ። የሚመጡበት መንገድ ግን ለየብቻ ነው። ሂስቶፕላዝማ የወፍ ኩስና የሌሊት ወፍ ኩስ በተቀላቀለበት አፈር ውስጥ ይበቅላል፤ ሰው አቧራውን በመተንፈስ ይያዛል። ሌይሽማንያ ግን የሚተላለፈው የአሸዋ ዝንብ በምትባል ትንሽ በራሪ ንክሻ ነው።

በላቦራቶሪ ውስጥ የሚለዩት በልዩ ቀለሞች ነው። የብር ቀለም የሚባለው አቀላለም የፈንገስን ግድግዳ ያጠቁረዋል፤ ሌይሽማንያን ግን አያጠቁረውም። ጊምዛ የሚባለው ቀለም ደግሞ ዳርሊንግ የጠቀሳትን የሌይሽማንያ ትንሽ በትር ያሳያል። እርስዋም ኪኔቶፕላስት ትባላለች።

ሕክምናቸውም አንድ አይደለም። አምፎተሪሲን ቢ የተባለው መድኃኒት ለሁለቱም የሚያገለግል ቢሆንም፥ ለሌይሽማንያ የሚሰጠው የአንቲሞኒ መርፌ ፈንገስን አያድንም፤ ለሂስቶፕላዝማ በክኒን የሚሰጠው ኢትራኮናዞልም የካላ-አዛር መድኃኒት አይደለም። ሂስቶፕላዝማ በቲቢ ስም ከታከመ ደግሞ በሽተኛው ለወራት ክኒን እየዋጠ በሽታው ይብስበታል። በአሜሪካ አገር በቲቢ ስም ወደ ሳናቶሪየም ከገቡት ሰዎች አንዳንዶቹ ሂስቶፕላዝማ እንደ ነበረባቸው በኋላ ተደርሶበታል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ግራኑሎማው ጀርም የሌለበት ሳርኮይዶሲስ ተብሎ ስቴሮይድ የሚባለው መድኃኒት ሲሰጥ ነው። ስቴሮይድ የሰውነትን የመከላከል ኃይል ስለሚያደክም የተደበቀው ጀርም እንደ ልቡ ይሠራጫል።

በአገራችን ያለው ጉዳይ

ይህ ነገር ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። ሮሻ ሊማ ያስተያየው ዐይነት የፈረስ በሽታ በአገራችን ሞቅ ባሉ የወይና ደጋ ከተሞች የጋሪ ፈረሶችን እያቆሰለ ባለጋሪዎችን ከእንጀራቸው የሚያፈናቅል ነው። ካላ-አዛርም በሑመራና በመተማ ቆላ፥ እንዲሁም በኦሞ ሸለቆ ይገኛል።

በደጋማው አገር ደግሞ በአንዳንድ ስፍራ ቁንጭር የሚባለው የቆዳ በሽታ አለ። ይህን በሽታ አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣው በ1973 ሌይሽማንያ ኤትዮፒካ የሚል ስም የወጣለት ጀርም ነው፤ በገደልና በዋሻ በሚኖሩ ሽኮኮዎች ዘንድ ይኖርና በአሸዋ ዝንብ አማካይነት ወደ ሰው ይተላለፋል። ብዙውን ጊዜ ፊት ላይ አንድ ቁስል ሆኖ ይታያል። አንዳንድ ጊዜ ግን በፊት፣ በእጅና በእግር ላይ ተሠራጭቶ እባጭ በእባጭ ያደርጋል። እንዲህ በሆነ ጊዜ የሥጋ ደዌን እጅግ ይመስላል። በማይክሮስኮፕም ቢሆን በሁለቱ በሽታዎች አረፋ የመሰሉ ዋጭ ሕዋሳት ስለሚታዩ፥ ቸኩሎ የሚያይ ሰው ሊሳሳት ይችላል።

እዚህ ላይ የሐኪሙና የፓቶሎጂስቱ መነጋገር ይጠቅማል። የሥጋ ደዌ ጀርም ነርቭን ስለሚጎዳ በሽተኛው በቆዳው ላይ መንካትን ወይም ሙቀትን ላይሰማ ይችላል፤ በተሠራጨው ቁንጭር ግን ነርቭ እንዲህ አይጎዳም። ቆዳውን የዳሰሰው ሐኪም ይህን በወረቀት ጽፎ ካልላከ፥ መስተዋቱን የሚያየው ሊቅ ከየት ያውቀዋል? በላቦራቶሪም ለሥጋ ደዌ የሚሆነው ልዩ አቀላለም ጀርሞቹን ቀይ አድርጎ ያሳያል፤ ሌይሽማንያን ግን እንዲህ አያቀላም። የሥጋ ደዌ በዳፕሶን፣ በሪፋምፒሲንና በክሎፋዚሚን ይታከማል፤ የሌይሽማንያ ሕክምና ሌላ ነው። ከመድኃኒቱም በላይ በአገራችን የሥጋ ደዌ የሚለው ስም በሰው ትዳርና ኑሮ ላይ ምን እንደሚያመጣ ወላጆቻችን ያውቃሉ። የአንድን ሰው ስም ከመለጠፍ በፊት ሁለተኛ ዐይን እንዲያየው ማድረግ ፍትሕም ነው።

የንፍፊት ቲቢም በአገራችን ብዙ ሰው የሚይዝ በሽታ ነው። በንፍፊት ውስጥ የሚገኙት የቲቢ ጀርሞች ብዙ ጊዜ ጥቂቶች ስለ ሆኑ በማይክሮስኮፕ ላይታዩ ይችላሉ። በአክታ እንኳ ቢሆን ጀርሙ በተለመደው ማይክሮስኮፕ እንዲታይ በአንድ ሚሊሊትር ውስጥ ከ5,000 እስከ 10,000 ያህል ጀርም መኖር አለበት ይባላል። ስለዚህ «አልታየም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም። ጀርሙን በካልቸር ማሳደግ ወይም የዘር ምልክቱን፥ ማለት ዲ.ኤን.ኤ.ውን መፈለግ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ አስተያየት መቼና እንዴት ይጠየቅ?

ናሙና ሁሉ ሁለት ጊዜ ይታይ ማለት አይቻልም፤ ልዩ ሊቃውንት ከሕዝቡ ብዛት አንጻር ጥቂቶች ናቸውና። ዋና ዋናዎቹ ጊዜያት ግን እነዚህ ናቸው፦

የናሙናው ውጤትና የበሽተኛው ሁኔታ ሳይስማሙ ሲቀሩ፤
የተሰጠው መድኃኒት በሚገባው ጊዜ ውስጥ ለውጥ ሳያመጣ ሲቀር፤
የተጠረጠረው ጀርም እምብዛም የማይታይ ሲሆን፤
ሊሰጥ የታሰበው ሕክምና ከባድ ወይም የማይመለስ ጉዳት ሊያመጣ የሚችል ሲሆን።

አስተያየቱ ፍሬ እንዲሰጥም የሚላከው ነገር የተሟላ መሆን አለበት። አንደኛ፥ የተቀለመው መስተዋት ብቻ ሳይሆን ብሎኩም ቢላክ ሁለተኛው ሊቅ በሌላ ቀለም እንደ ገና ሊያዘጋጀው ይችላል። ሁለተኛ፥ የበሽተኛው ታሪክ መጻፍ አለበት፤ የት አገር ኖረ፣ ሥራው ምንድን ነው፣ ከየትኞቹ እንስሳት ጋር ይውላል፣ ከዚህ በፊት ምን መድኃኒት ወሰደ የሚለው ሁሉ ይጠቅማል። ሦስተኛ፥ የመጀመሪያው መርማሪ ቃል አብሮ ይላክ።

አራተኛውና ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነገር ደግሞ ይህ ነው፦ ፎርማሊን ሥጋውን ከመበስበስ ቢጠብቅም ጀርሙን ስለሚገድለው ከዚያ በኋላ በካልቸር ሊያድግ አይችልም። ስለዚህ በሽታው የጀርም ነው ተብሎ የተጠረጠረ እንደ ሆነ፥ ናሙናው በሚቆረጥበት ሰዓት አንዱ ክፍል ወደ ፎርማሊን፥ ሌላው ክፍል ደግሞ ጀርም በሌለበት የጨው ውኃ ተደርጎ ወደ ካልቸር ክፍል መላክ ይገባል። ይህ ካልተደረገ በኋላ ሁለተኛውም ሦስተኛውም ሊቅ በቀረው ብቻ እንዲፈርድ ይገደዳል።

የበሽተኛው ሁኔታ አስቸኳይ ሲሆን ሐኪሙ የሁለተኛውን መልስ እየጠበቀ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ ባለው ማስረጃ ሕክምናውን ይጀምርና መልሱ ሲመጣ ያስተካክላል። ሁለቱ ሊቃውንት ያልተስማሙ እንደ ሆነም በዕድሜ ወይም በማዕረግ የሚበልጠው ትክክል ነው አይባልም፤ ጉዳዩን የሚቆርጠው ልዩ ቀለሙ፣ ካልቸሩና የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራው ነው። ዛሬ የናሙናን ሥዕል በኮምፒዩተር አማካይነት ከአገር ወደ አገር መላክ ስለሚቻል፥ በዳርሊንግ ዘመን በመርከብ ብዙ ሳምንት ይፈጅ የነበረው መንገድ በጣም አጥሯል።

ለወላጆችና ለተማሪዎች

የተከበራችሁ ወላጆች፥ ሐኪምን «ይህን ናሙና ሌላ ዐዋቂ ቢያየው ይጠቅም ይሆን?» ብሎ በትሕትና መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ ጥሩ ሐኪምም እንደ ስድብ አይቈጥረውም። ነገር ግን የመጀመሪያውን ውጤት ደብቆ ከሆስፒታል ወደ ሆስፒታል መዞር ሁለተኛ አስተያየት መጠየቅ አይባልም፤ ሁለተኛውን ሐኪም እንደ ገና ከመጀመሪያው እንዲነሣ ያደርገዋል እንጂ። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» የተባለው ለዚህም ይሆናል። ወረቀቱን ሁሉ ይዞ መሄድ፥ የተወሰደውንም መድኃኒት ሳይሸሽጉ መናገር ይገባል።

እኛ ተማሪዎች ደግሞ ሐኪሞች ከመሆናችን በፊት ይህን ልማድ በትምህርት ቤታችን ላቦራቶሪ ልንጀምረው እንችላለን። የሽንኩርት ልጣጭ ሕዋስ በማይክሮስኮፕ ስናይ መጽሐፉ ላይ ያለውን ሥዕል ከመገልበጥ ይልቅ ያየነውን እንሣል፤ የማይስማማ ነገር ካየንም በደብተራችን እንጻፈው። ከዚያም ጓደኛችንን ጠርተን ስሙን ሳንነግረው «አንተ ምን ታያለህ?» ብለን እንጠይቀው። ስሙን አስቀድመን ከነገርነው የሚያየው እኛ ያየነውን ነውና።